ከሰብሳቢያችን ንግግር ሥር ስለቀረችው ሐምዲያ

ለተከበሩ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሰብሳቢ
ካርቱም

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ በተለይ ያን ያህል ረጅም ንግግር የተሸከመው ጉሮሮዎ በደኅና እንዲከርም እመኛለሁ።

እኔ ዴም ሰፈር ውስጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል ያለው፣ «ሹክሹክታ» የተባለው ካሴት ቤት አዘጋጅ ነኝ። ቤታችን ዘፈን አያሳትምም፤ የኦምዱርማን አውቶቡስ ድልድዩን ሲሻገር፣ ባለሦስት እግሩ ራክሻ አልነሳ ብሎ ሲያጓራ፣ ጄኔሬተር ነዳጅ ጨርሶ ሲሞት የቀዳነውን ድምፅ አቀናብረን ለጥቂት ወዳጆች እናደርሳለን። ጦርነቱ ሲያስወጣን ዋና ቅጂዎቻችንን ለማኅበሩ መጋዘን በአደራ ሰጠን። ተመልሼ አደራዬን ስለተረከብኩ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ኔትወርክ ተቋርጦ አባላት በተበተኑ ጊዜ የጽናት መልእክትዎን በካሴት ለማሰራጨት ስላሰቡ፣ ለዚህም ክብር የእኛን ካሴቶች ስለመረጡ አመሰግናለሁ።

፪. የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ይማም አስቀድመው አዳምጠው «ኳኳታ እንጂ ዘፋኝ የለበትም፤ ባዶ ነው» ብለው ስለመሰከሩ አመሰግናለሁ። ማኅበራችን እንዲህ ያለ ጆሮ እንዳለው አላውቅም ነበር።

፫. ማንም እንዳይቀዳባቸው የካሴቶቹን የጀርባ ጥርስ ሰብሬ ነበር። ቀዳዳዎቹን በፕላስተር የደፈኑትን እጆች ትጋት አደንቃለሁ፤ በስሕተት ነው እንዳልል ፕላስተሩ እጅግ ተስተካክሎ ተለጥፏል።

፬. ከካሴቶቹ አንዱ የሐምዲያ ነበር። ሐምዲያ ከወሎ መጥታ እዚሁ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር በሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉራለች፣ ማዳሟን በአማርኛ ታማለች፣ ወዲያው ደግሞ ይቅር ትላታለች። በፈቃዷ ቀዳኋት። ጦርነቱ ሲጀመር በዚያው ቤት ሳለች ከባድ መሣሪያ ገደላት። ባቲ ያሉት እናቷ ወይዘሮ ሬሕማ ድምጿን እንድልክላቸው ለምነውኝ ቃል ገብቻለሁ። ሌላ ቅጂ የለም። ካሴቱን ስከፍተው «ውድ ወገኖቼ» ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ካሳ አልጠይቅም። ይቅርታም እንዲጠይቁ አላስቸግርዎትም፤ ይቅርታዎን በማን ካሴት ላይ እንደሚቀዱት ሳስብ እፈራለሁና።

አደራ በእጅዎ የሚገባበትን እንጂ የሚወጣበትን መንገድ ለማያውቁት ሰብሳቢያችን ከሚገባው አክብሮት ሁሉ ጋር፣

ኒዕማ ሰላሕዲን
የሹክሹክታ ካሴት ቤት አዘጋጅ፣ ዴም

ማስታወሻ፦ ንግግርዎ ከካሴቱ ጥቂት አጥሯል። እርስዎ ከጨረሱ በኋላ ሐምዲያ ቧንቧ ስትዘጋ ይሰማል፤ ቃል ግን አልተረፈም። ይህንኑ ካሴት ለእናቷ ልኬዋለሁ። ቤታችን የማንንም ድምፅ ስለማይቆርጥ የእርስዎን አልነካሁትም፤ የወይዘሮ ሬሕማ ቴፕ ደግሞ ወደፊት አያጠነጥንም። ስለዚህ ልጃቸው ቧንቧ ስትዘጋ ለመስማት በፈለጉ ቁጥር ስለ ጽናት የተናገሩትን በሙሉ ያዳምጣሉ።