ዛሬ ለማን ነው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ቧንቧውን ከፈትኩ። ሳል ሳል አደረገውና ዝም አለ።

እንደ ሁልጊዜው ጋሽ ቁልፍ ጋ ደወልኩ። ሠላሳ ዓመት የሰፈሮቻችንን የውሃ መስመር ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩ ሰው። ቁመታቸውን የሚያክል የብረት ቁልፍ ትከሻቸው ላይ አድርገው ስለሚዞሩ ነው ስማቸው። እውነተኛ ስማቸውን ደመወዝ ከፋያቸው ያውቅ እንደሆን እንጃ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ለማን ነው?"

"ለገበያ ሰፈር። ነገ ለእናንተ ለወፍጮ ቤት። ከነገ ወዲያ ለዳገት... ግፊቱ ከቻለ።"

ሲስተማችን ውስጥ አስገባሁት። "ትንበያ፦ ዛሬ ገበያ ሰፈር" ብሎ በአራት ሺህ ሰው ስልክ ላይ ወጣ። ውሃ የመጣለት "መጣ" የሚለውን ይጫናል፣ የቀረበት "ቀረ"ን። ዘጠና ሦስት ከመቶ ልክ ነን። ሰባቱ ጋሽ ቁልፍን ጉልበታቸውን ያመማቸው ቀን ነው።

እማዬ ባልዲዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

"ነገ ይመጣል?"

"ሳይመጣ አይቀርም።"

"ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ... ሳይመጣ አይቀርም!"

ምን ልበላት? ሥራዬ ይኸው ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ያመለከትንበት የፈጠራ ማዕከል ተቀበለን! ስልክ ሲደወልልኝ ዘለልኩ። ከዚያ ደግሞ ለመመዝገብ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ማስረጃ አምጡ ተባልን።

"አዲስ ድርጅት ነን እኮ" አልኳት ጸሐፊዋን።

"አዲስ መሆናችሁ እንዲረጋገጥ ነው" አለችኝ። ክፉ ሆና አይደለም። ቅጹ እንደዚያ ይላል።

ሰርቨር የዩኒቨርሲቲ ዓመታችንን ቆጥረን እንሙላ አለ። ሞላን። (ሰርቨር ሲስተሙን አብሮኝ የሠራው ልጅ ነው። መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ስለሚጠፋ እንደዚያ እለዋለሁ። አይቀየምም።)

አዳራሹ ግድግዳ ላይ በትልልቅ የብረት ፊደል "ሞክር፣ ውደቅ፣ ተነሳ" የሚል ተለጥፎ ነበር አሉ። "ተነሳ" ባለፈው ክረምት ወድቋል። ማንም አላነሳውም።

ማዕከሉ ውስጥ ጎረቤታችን ስታርትአፖችን፣ ጀማሪ ድርጅቶችን ማለት ነው፣ የሚቆጥር ስታርትአፕ ነው። እኛ ስንገባ ቆጠራው አሥራ አንድ ደረሰ። ዞሬ ዞሬ ቆጠርኩ፣ አሥር ነን። ራሱን ሁለቴ ቆጥሮ ይሆን?

የማዕከሉ ዳይሬክተር መጥቶ ጨበጠን። "ሰው ሠራሽ አስተውሎት አላችሁ?" አለ።

"አለን" አለ ሰርቨር፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ጋሽ ቁልፍን አሰብኩ። አስተውሎቱስ አላቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ ማዕከሉና ውሃ መሥሪያ ቤቱ ስለ እኛ ሲስተም የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ። የሁለት ሰዓት ንግግር። "ኢኮሲስተም" የሚለውን ቃል ዳይሬክተሩ አርባ አንድ ጊዜ አለው። ሰርቨር ነው የቆጠረው፤ እኔ ሠላሳ ላይ ተውኩት።

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ "ከአሁን በኋላ ሥራችን ሙሉ በሙሉ ዲጂታል ነው" ብሎ ጨበጠኝ። አጨበጨብን። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ያን ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ... አሁን ማታ ሳስበው ነው።

ለእጅ መታጠቢያ ውሃ በጀሪካን መጣ። ዛሬ ለዳገት ነበርና።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ለአምስት ቀን ሥልጠና ከከተማ ወጥቻለሁ። ርዕሱ "የሞባይል ቴክኖሎጂ ለሁሉም"። በር ላይ ሞባይላችንን ሰብስበው ቅርጫት ውስጥ ከተቱት። ትኩረታችን እንዳይበተን!

ጋሽ ቁልፍ ጋ ማን ይደውላል? ከተማ የቀረውን ሰርቨርን አደራ ብዬዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ተመለስኩ። ሲስተሙን ከፈትኩ... መቶ ከመቶ!

ዓይኔን አላመንኩም። ሳምንቱን ሙሉ አንድም "ቀረ" የለም። ሰርቨርን አቀፍኩት። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል።

"አልደወልኩም" አለ።

"እንዴት?"

"ሽማግሌው ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ተራ ወስጄ እየተሽከረከሩ እንዲወጡ አደረግኩት። ወፍጮ ቤት፣ ገበያ፣ ኳስ ሜዳ። እንደገና ወፍጮ ቤት፣ ገበያ..."

ታዲያ እንዴት ትክክል ሆነ? ዕድል? ስድስት ቀን ሙሉ ዕድል?

እሑድ፣ ጥቅምት 24

እህቴ ጋ ዳገት ወጣሁ። ፀጉር ቤቷ ጭር ብሏል። ሁለቱ የፀጉር ማድረቂያ ካስኮች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

"ነቢይቷ መጣሽ?" አለችኝ። "ለእኛስ መቼ ነው የምትተነብዪው? አሥር ቀናችን።"

ሐሙስ ዕለት የጨረሰችው የመጨረሻውን ጀሪካን ነው። ደንበኛዋ ፀጉሯ ላይ ሻምፖው እንዳለ በፎጣ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ሄደች። መንገድ ላይ ዝናብ ቢዘንብላት ብላ ስትጸልይ ነበር አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

"እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣ እዘጋዋለሁ። አትሳቂ። የምሬን ነው።"

ስምንት ዓመት የለፋችበት ቤት። የእኔን የትምህርት ቤት ጫማ የገዛ ቤት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ጋሽ ቁልፍ ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ለማን ነው?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ እንዴ?" አሉ። "መሥሪያ ቤቱ አዲስ ስልክ ሰጥቶኝ የለ! ጠዋት ጠዋት ያንቺን ነገር ከፍቼ አያለሁ። ገበያ ካለ ገበያ። ኳስ ሜዳ ካለ ኳስ ሜዳ። ከሲስተሙ ውጪ ቁልፍ ያዞረ ይቀጣል የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል።"

ቁጭ አልኩ።

እኔ እሳቸውን ጠይቄ ነበር የምተነብየው። አሁን እሳቸው የእኔን ትንበያ አይተው ይከፍታሉ። በመሃል የሚያውቅ ሰው ጠፋ! ዳገት በሰርቨር ሦስት ቀኖች ውስጥ ስላልነበረ... ዳገት የለም።

"ዳገትን ረስታዋለች ወይ እያልኩ ነበር" አሉ ጋሼ። "የተማረ ሰው ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ።"

እየሮጥኩ ዳይሬክተሩ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ይህ ትንበያ አይደለም ጌታዬ፣ ትእዛዝ ነው አልኩት።

"መቶ ከመቶ ነው አይደል?"

"ነው፣ ግን..."

"ታዲያ ምን ጎደለሽ?" ባነሩን አሳየኝ። ከጣሪያ እስከ ወለል፦ 100%። ሐሙስ የማዕከሉ ስታርትአፖች ውድድር ነው። እንግዶች ይመጣሉ። ዳገት ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ግማሹ ሰፈር "ቀረ" ይጫናል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። "እስከ ሐሙስ ዳገትን አትንኪብኝ። አሥር ቀን የጠበቀ ሰው ሦስት ቀን አይጠብቅም?"

ያሸነፈ ለሁለት ዓመት ቢሮ፣ ደመወዝ፣ ሁሉም ነገር። ሥራዬን ለቅቄ የገባሁበት ነገር ነው። እማዬ ለጎረቤት ምን ብላ እንደምትናገር እስካሁን ግራ ይገባታል። ማሸነፍ እፈልጋለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

አልነካሁትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ዛሬም። ዛሬ የእኛ ሰፈር ተራ ነበር፤ ውሃ እንደ ልብ መጣ። እማዬ በርሜሉን ሞላች፣ ባልዲውን ሞላች፣ ድስቱን ሁሉ ሞላች። ገላዬን ታጠብኩ። አፍሬ ቶሎ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

በማለዳ ስልኬን ከፈትኩ። "ዛሬ፦ ገበያ ሰፈር" ይላል። ማዕከሉም አዳራሹም ያለው ገበያ ሰፈር ነው። ገበያ የሚለውን አጠፋሁት። "ዳገት" ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቃል እኮ ነው!

መድረክ ላይ አራተኛ ነበርኩ። ቁጥሩን የሚያሳየው ትልቅ ስክሪን ከኋላዬ ተሰቅሏል። ስጀምር መቶ ነበር። ስለ ራዕያችን ሳወራ ሰማንያ ስምንት። ስለ ዕድገት ሳወራ ስልሳ አራት። ሰው እኔን ትቶ ቁጥሩን ያያል።

ይኼኔ ዳይሬክተሩ ከመጸዳጃ ቤት በኩል ገባ። ሁለት እጁ እስከ ክርኑ አረፋ በአረፋ ሆኖ፣ እንደ ቀዶ ሐኪም ወደ ላይ ይዞታል።

"ውሃው የት ሄደ?" አለኝ፣ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት።

"ዳገት ላይ ነው" አልኩ በማይኩ።

ከዳኞቹ አንዷ "በምን የትንበያ ሞዴል አወቅሽ?" አለች።

"አላወቅኩም። እኔ ነኝ የላክሁት።"

ነገርኳቸው። ጋሽ ቁልፍን፣ ደብዳቤውን፣ የሰርቨርን ሦስት ቀን፣ የእህቴን ፀጉር ቤት። ቀስ ብለው አጨበጨቡ። ዳይሬክተሩ ማጨብጨብ አልቻለም።

ሽልማቱ ለጎረቤቶቻችን ለቆጣሪዎቹ ሆነ። ኢኮሲስተሙ በአንድ ወር ከአሥራ አንድ ወደ አሥራ ሰባት ማደጉን ስላረጋገጡ። አሁንም አሥር ነን።

ስወጣ እህቴ ደወለች። ስልኩን ቧንቧው ጋ አስጠግታ አሰማችኝ። መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ውሃ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ደብዳቤውን ሰርዙት፣ ሠላሳ ዓመት የሚያውቁት ሰው እያሉ... ብዬ ለመንኩ።

ኃላፊው በጥሞና አዳመጠኝ። ከዚያ አዲስ ደብዳቤ አስጻፈ፦ ስህተቱ እንዳይደገም ከእንግዲህ ሲስተሙን የምትሞላው የፈጠራው ባለቤት ራሷ ብቻ ናት። ማኅተም ተመታበት። "መፍትሔ አገኘንለት" ብሎ ጨበጠኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ከጋሽ ቁልፍ ጋር ጠዋቱን ሙሉ ዞርኩ። የጉድጓዶቹን ክዳን እያነሱ አስተማሩኝ። የትኛው ስንት ዙር፣ ለዳገት የቱ ቀድሞ ይዘጋል። ጠቅላላው በጭንቅላታቸው ነው ያለው። ቁልፉን አሸከሙኝ። ይከብዳል! እሳቸው ሳቁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ስልክ ቀሰቀሰኝ። ጋሽ ቁልፍ ናቸው።

"ልጄ፣ ዛሬ ለማን ነው?"

"እርስዎ ምን ይላሉ ጋሼ?"

"እኔማ ዳገት ባለፈው ውሃው ግማሹ ጋ ብቻ ነው የደረሰው እላለሁ። ወፍጮ ቤትም አምስት ቀኑ ነው እላለሁ። ማለት አልተከለከለም፣ ማዞር ነው የተከለከለው።"

ዘወር ስል እማዬ ባልዲዋን ይዛ ኋላዬ ቆማለች። በርሜሉን ትናንት ገልብጣ አጥባዋለች።

"ለዳገት" አልኩ።

"ለዳገት" አሉ። ጻፍኩት።

"ዛሬም አይመጣም?" አለች እማዬ።

ሳይመጣ አይቀርም... ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች። ስንት ጊዜ ያዳነችኝ ቃል። ዋጥኳት።

"አይመጣም እማዬ።"

"ማን ከለከለ?"

"እኔ።"

ባልዲውን መሬት አስቀመጠችው።

"ለእህትሽ ደውይላት። በርሜሏን ትጠበው" አለችና ወደ ውስጥ ገባች። እኔን ግን ይህን እስክጽፍ ድረስ አላናገረችኝም።