የጋሊማ ሳህን

ላቬንደር ሂል፣ እሁድ ኦገስት 16 ቀን 2015

ልጄ ኤልሮይ፣

እንዴት ከረምክ? የእስር ቤቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል ብለኸኝ የላክሁልህ ሹራብ ደረሰህ? እኔ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ይነጫነጫል እንጂ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፣ ኮርቻለሁ! ትናንት እህትህን ሉክሬሺያን ባለማየትህ አዘንኩልህ።

እነ ሉክሬሺያ ያንን ሙዚቃዊ ቴአትር በሰፈራችን አዳራሽ አሳዩ። ስለ ወሮበሎቹና ስለ እኛ ነው፤ ያውም በቴሌቪዥኑ አፍሪካንስ ቋንቋ ሳይሆን በገዛ መንገዳችን አነጋገር። አሮጊቶቹ ስድቡን ሲሰሙ እየተጎሻሸሙ ሳቁ። እህትህ የተጫወተችው ልጇ በጥይት የሞተባትን እናት ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ "ከሰው ሁሉ አንቺ? ጋሊማ ምን ትላለች?" ብዬ ጮኼባት ነበር።

"ለእሷ ብዬ እኮ ነው፣ ማሚ" አለችኝ።

ጋሊማ ልጇን ሪድዋንን ከቀበረች ሦስት ዓመቷ። አንተም በእሱ ሞት ከታሰርክ እንዲሁ። ከግድግዳው ማዶ እየኖረች ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ተንፍሳልኝ አታውቅም። ትናንት አርፍዳ ስትመጣ ባዶ የቀረው ወንበር የእኔ ጎን ብቻ ነበር፤ ከእኔ ጋር ማን ይቀመጣል! ፊቷን አዙራ ተቀመጠች።

ኋላ ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ጣውላ አጋጩ፣ ተኩስ መሆኑ ነው። አዳራሹ በሙሉ ወለሉ ላይ ተዘረረ! ፓስተሩ ሳይቀሩ፣ ባለ ባርኔጣዎቹ ሴቶችም። መቼም ታውቀናለህ፣ አጠገባችን ያለውን ሸፍነን ነው የምንወድቀው። ቀና ስል ከላዬ የተኛችው ጋሊማ ናት።

"ልጅሽ ቆማለች! ተኚ በያት እንጂ!" ብላ ጮኸችብኝ።

"ጣውላ ነው፣ ጋሊማ። ጨዋታው ነው።"

ሉክሬሺያ መድረኩ ላይ ብቻዋን ቆማ የእናቲቱን የለቅሶ ዘፈን ቀጠለች። ድምጿ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። ሰዉ ከወለሉ ሆኖ ተቀበላት፤ እየዘፈነም ተነሣ። ጋሊማ ክንዴን ይዛ ስታስነሳኝ "እንዲህ ማልቀስ ማን አስተማራት?" አለች።

"አንቺ ነሻ። ሦስት ዓመት በግድግዳው ስትሰማሽ ኖራ።"

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት በሩ ተንኳኳ፤ ጋሊማ ናት። በዘይት የተጠበሰ የእሁድ ኩሲስተር ሊጥ በሳህን፣ ገና ትኩስ፣ በሽሮፕ የራሰ፣ ኮኮናት የተነሰነሰበት። ሦስት ዓመት በራችን ያልደረሰ ሳህን! "ስኳሩ በዝቷል፣ እንዳትነዘንዢኝ" ብላኝ ሄደች። ቆሜ አራቱን በላሁ።

በእኛ መንገድ ሳህን ባዶውን አይመለስም። የዝንጅብል ብስኩት እጋግርላታለሁ፤ እሱ ግን የእኔ ድርሻ ነው፤ ያንተ ይቀራል። አንተ "አልተኮስኩም" ብለህ ጽፈህልኛል። ጠይቄህ አላውቅም፤ አሁንም አልጠይቅህም። ከዚህ ጋር ባዶ ወረቀትና የእሷ አድራሻ ያለበት ፖስታ ልኬልሃለሁ፤ የምትለውን ለእሷው ጻፍላት።

እግዚአብሔር ብርዱን ያቅልልህ፣ ልብህንም ያበርታልኝ። ደብዳቤህ እስኪደርሳት ሳህኑ እኔ ጋ ይቆያል።

እናትህ ማግሪታ