ሳታነቢው የላክሽው

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ለምወድሽ ልጄ፣

ደህና ነሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎታል። ሰላምታው ይኸው ነው፤ ዛሬ ተቆጥቼ ነው የምጽፍልሽ። ስልክ ያልደወልኩት ድምፅሽን ስሰማ ንዴቴ ስለሚበርድ ነው፤ እንዲበርድ ደግሞ አልፈለግኩም። ወረቀት ደግሞ በጣት ተነክቶ ለዘመድ ሁሉ አይዳረስም።

የብሎጌን አድራሻ የሰጠሁት ለአንቺ ብቻ ነበር። ሦስተኛውን ጽሑፍ አንብበሽ እንድትደውዪልኝ፣ እስከዚያ ለማንም እንዳትናገሪ አደራ አልኩሽ። አንቺ ግን ዕለቱን በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ «እናቴ ደራሲ ሆነችላችሁ» ብለሽ፣ በልብ ምልክት አሸብርቀሽ በተንሽው።

ከስልክ ስልክ እየዘለለ እኔ የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ድረስ መጣ። አለቃዬ ጸሐፊዋ እያለች ትጠራኛለች፤ አንሶላው ካረረ እሱንም ጻፊው ትለኛለች። አጠገቤ ቆማ ልብስ የምታጥፈው ጓደኛዬ ደግሞ እሷንም እንድጽፋት ለመነችኝ፣ ብቻ ቀጠን አድርጌ። በእሷስ ሳቅኩ።

እሑድ ግን አክስትሽ፣ የአባትሽ እህት መጣች። ሻይ አቀረብኩላት፤ አልነካችውም፤ አልተቀመጠችምም። በሩ ላይ እንደቆመች ስልኳን አውጥታ ሦስተኛውን ጽሑፍ ጎረቤት እስኪሰማ አነበበችልኝ። የራሴ ቃል በእሷ አፍ እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቂኝ። ስትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ወንድሜ በሞተበት ቀን ሲጣራ፣ አንቺ የያዝሽውን ገጽ አንብበሽ ጨርሰሽ ነው የተነሳሽው?»

«አዎ» አልኳት።

«ልጅሽ ታዲያ ይህን አንብባ ነው ልብ የምትልክልን?»

ያልነካችውን ሻይ አነሳሁ። በማግስቱ አንቺ ደውለሽ፣ «ለመሆኑ ስለ ምን ስለ ምን ጻፍሽ እማ?» ስትዪኝ መልሱን አገኘሁት። አላነበብሽውም። አክስትሽ ታውቃለች፣ አለቃዬ ታውቃለች፤ መጀመሪያ ማወቅ የነበረብሽ አንቺ ግን አታውቂም። አንቺ ጨርሰሽ የጣልሻቸውን የትምህርት መጻሕፍት እየለቀምኩ ማንበብ የተማርኩ ሴት ነኝ። የእናትሽ ሁለት ገጽ እንዴት ከበደሽ?

አክስትሽ አጥፊው ብላኛለች። አላጠፋውም። ለእሷ ብዬ አልጻፍኩትም፣ ለእሷ ብዬም አላነሳውም።

አሁን ተቀመጪና አንብቢው። እየተራመድሽ አይደለም፣ እየበላሽም አይደለም። ካነበብሽው በኋላ የመቆጣት ተራው የአንቺ ነው፤ ያሻሽን ብትዪኝ አልመልስልሽም።

ሥራሽ ይቃናልሽ፤ የሚያዝንልሽ ሰው አይጥፋብሽ፤ ያለሁበት ሐሳብ አይድረስብሽ።

ስልኩን ከአጠገቤ አላርቀውም። ስትደውዪ የያዝኩትን ገጽ ሳልጨርስ አነሳዋለሁ።

እናትሽ