ወለል የሌለው ማማ

«የታንኩ አዛዥ የሚቆመው ከመድፉ ማማ ጋር አብሮ በሚዞር ወለል ላይ ስለሆነ እግሩ የሾፌሩን ጀርባ ሊነካ አይችልም። ስለዚህ አስር አለቃ ሎወል ስትሬየር ታንኩን ወደፊት የነዳው ያለ ትእዛዝ ነው።»

ይህን የጻፍከው አንተ ነህ። የምርመራ ሪፖርትህ ገጽ አራት፣ ሦስተኛው አንቀጽ።

ውድ ወንድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? የዋሽንግተን ብርድ ጉልበትህ ላይ እንደጠና ሰምቼ አዝኛለሁ። ባለቤትህና ልጆችህስ? እኔ ደህና ነኝ፤ የታንክ ፋብሪካችን ሌት ተቀን በሦስት ፈረቃ ይሠራል። እህታችን ግን ደህና አይደለችም። የምርመራህን ግልባጭ «ተስፋ እንዳታደርጊ» ብለህ የላክህላት ቀን ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «የገዛ አጎቱ ነው እንዲህ የጻፈበት? ጠላትማ ቢሆን ምን ሊጽፍ ኖሯል?» አለችኝ። ግልባጩን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ወሰድኩት።

ባለፈው እሑድ ልጇን ሎወልን ከቱኒዚያ መልሰው ባሰሩበት ጦር ሰፈር ሄጄ አየሁት። ከስቷል፤ ቀልዱ ግን አልለቀቀውም። ቱኒዚያ ሳሉ ታንኩ ውስጥ የሚነጋገሩበት የጆሮ ስልክ ከተበላሸ ሳምንት አልፎት ነበር። ያ ሞተር ከኋላ ሲያጓራ ደግሞ ሰው ሰውን አይሰማም። ስለዚህ አዛዡ ሃምሳ አለቃ ፕሩየት፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ፣ ትእዛዝ የሚሰጠው በእግሩ ነበር። ግራ ትከሻ ሲነካ ወደ ግራ፣ ቀኝ ሲነካ ወደ ቀኝ፣ አናት ሲነካ ቁም፣ ጀርባ ሲገፋ ወደፊት። «አጎቴ፣ የሃምሳ አለቃ ቦት ከአፉ ይልቅ ጨዋ ነበር» አለኝ።

ያን ቀን ኮረብታ ተከልለው ቆመው ነበር። ፕሩየት አንገቱን አውጥቶ ሲያይ ጥይት አገኘው። ሞቶ ወደ ውስጥ ሲንሸራተት ሁለት እግሮቹ ሎወል ጀርባ ላይ አረፉ። ልጁም ታዘዘ። «እግሩ አልነሳ ሲለኝ፣ ዛሬ ምን አስቸኮለው ብዬ ነዳጅ ጨመርኩ» አለኝ። ሦስት መቶ ሜትር እንደሄዱ የጀርመን መድፍ መታቸው። ከአራቱ በሕይወት የወጣው እሱ ብቻ ነው። አሁን ሰልፉን ጥሎ ጓዶቹን አስፈጅቷል ተብሎ ይከሰሳል፤ ከተፈረደበት ወጣትነቱ እስር ቤት ያልቃል።

ወንድሜ፣ የሚዞር ወለል ያለው አዲሱ ዓይነት ታንክ ነው። በአሮጌው የሚዞረው ማማው ብቻ ነው፤ ሰዎቹ ከታች ቆመው በእግራቸው ይከተሉታል። ያኛው አሮጌው እንደነበር በምን አወቅህ ትለኝ ይሆናል። ከራስህ ገጽ ሁለት። ከቃጠሎው የተረፈውን መሣሪያ ስትዘረዝር አንድ ባለ ሠላሳ ሰባት ሚሊ ሜትር መድፍና አምስት መትረየስ ብለሃል። ከመድፉ ጎን አንድ፣ ከረዳት ሾፌሩ ፊት አንድ፣ ማማው ላይ አንድ፣ ከግራና ከቀኝ ጎን ሁለት። አዲሱ ሲሠራ እነዚያ የጎን ሁለቱ ተነስተዋል፤ ያለው ሦስት ነው። አምስት መትረየስና የሚዞር ወለል የያዘ ታንክ በእጄ አልፎ አያውቅም፤ ከፋብሪካው ወጥቶ በእጄ ሳይፈተሽ የሚያልፍ ደግሞ የለም። አንተ የአዲሱን መመሪያ ከፍተህ በአሮጌው ታንክ ላይ ፈረድክ። ራስህ የቆጠርከውን እንኳ አላነበብክም።

ከዚህ ጋር በ1941 መግቢያ በፋብሪካችን የተጻፈ የአንድ ወረቀት ግልባጭ አያይዣለሁ። «የውስጥ ስልኩ ጥራት ለጊዜው ባለበት ይለፍ፤ ቢበላሽም ለሾፌሩ የእግር ምልክት ይበቃዋል» ይላል። ዋናውን ለችሎቱ ልኬዋለሁ። ከሥሩ ያለውን ፊርማ ለመለየት አትቸገርም፤ ተማሪ ሳለህ አባታችን እንዳይቆጣህ የትምህርት ቤት ወረቀትህ ላይ አስመስለህ ትፈርመው የነበረው የእኔው ነው። ከሰኞ ጀምሮ የምትጽፍልኝ በፋብሪካው ሳይሆን በቤቴ አድራሻ ይሁን።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ይማርልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ የእህታችንንም ልጅ ለእናቱ ይመልስላት።

ችሎቱ የሚሰየመው ኤፕሪል 22 ነው። ገጽ አራትን ማረምህን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ በእጅህ ተጽፎና ተፈርሞ፣ እስከ ኤፕሪል 12 ቀን 1943 እንዲደርሰኝ። በስልክ የሚነገር መልስ አልቀበልም።

ታላቅ ወንድምህ