ከፊልም በኋላ ስለ ተሻረችው ግማሽ ሰዓት

ለተከበሩ የሰፈራችን ሲኒማ ቤት ሥራ አስኪያጅ፤

የሰላም አምላክ ሰላሙን ለእርስዎ፣ ለባልደረቦችዎና በቅርቡ ለተከሏቸው ለስላሳ ወንበሮች ሁሉ ያድል ዘንድ እየለመንሁ፣ የዓይንዎ ብርሃን እንዳይደክም፣ ጆሮዎም ከመስማት እንዳይሰንፍ ያለኝን ምኞት በትሕትና አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ቢሮዎ ድረስ በእግሬ መጥቼ ያላገኘሁትን ጆሮዎን ምናልባት ጋዜጣው ቢያገኝልኝ ብዬ ነው።

ማን እንደሚጽፍልዎ ያውቁ ዘንድ ይገባል። እኔ ዕድሜዬን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጨረስሁ፣ መጀመሪያ ተማሪ በኋላም መምህር ሆኜ ከመጻሕፍት ጋር ያረጀሁ ሽማግሌ ነኝ። ሲኒማ ቤትን ለረጅም ዘመን የከንቱ ነገር ማደሪያ አድርጌ በማዶ በኩል አልፈው ነበር። ባለቤቴ ግን ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከስፌት መኪናዋ ስትነሣ የሚያሳርፋት ፊልም ብቻ ነበር። ዓይኗ ብርሃኑን ባጣ ጊዜ፣ «እስከ ዛሬ አንተ ስትጸልይ እኔ ፊልም አይ ነበር፤ ከእንግዲህ ዓይኔ አንተ ነህ፣ የኔ ሊቅ» ብላ እጄን ይዛ ወደ አዳራሽዎ አስገባችኝ። እኔም ከኋላው ረድፍ ጥግ ላይ ተቀምጬ በመጋረጃው ላይ የሚታየውን ሁሉ በጆሮዋ ሹክ እላት ጀመር።

አንድ ነገር ብቻ መናገር አልቻልሁም። ሰዎቹ በተሳሳሙ ቁጥር አፌ ይታሰር ነበር፤ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ትምህርት፣ ያንን በቃል መተርጎም አቃተኝ። እሷም ብልህ ነበረችና ዝም ባልሁ ቁጥር ሰዎቹ እየተሳሳሙ መሆኑን ዐወቀች። ይህ ስምምነታችን ባንነጋገርበትም የጸና ነበር።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ወደዚህ ሥልጣን ከመምጣትዎ በፊት በዚያ አዳራሽ አንድ ልማድ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልሙ ሲያልቅ «ጋሽ መብራት» የምንላቸው አዛውንት ፊልም አጫዋች ከላይ ካለችው ጠባብ ክፍላቸው ይወርዱና መብራቱን አብርተው ከመጋረጃው ሥር ባለው ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ፤ «እህሳ፣ ምን አያችሁ?» ይላሉ። የፈለገ ይነሣል። «ጥሩ ነው» ወይም «አይረባም» ብሎ መቀመጥ ግን ክልክል ነበር፤ ተናጋሪው ያየውን አንድ ነገር መጥቀስ አለበት። በእኛ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ንባቡ ሳይቀና ወደ ትርጓሜ አይኬድምና ይህን ሥርዓት ስሰማ ቤተሰብ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

በዚያች ግማሽ ሰዓት የሰማሁትን ሁሉ ልጽፍልዎ አልችልም። ከተማ ሙሉ በሚፈርስበት በአንድ የጦርነት ፊልም ላይ የጎረቤታችን ፀጉር አስተካካይ ተነሥቶ፣ «ያ ሁሉ ሕንፃ ሲናድ የዋናው ተዋናይ ፀጉር ያልተነቃነቀው በምን ቅባት እንደሆነ የሚነግረኝ ካለ ሱቄን አሳልፌ እሰጠዋለሁ» አለ። አንዲት የሰፈራችን ነርስ ደግሞ ጥይት ከደረቱ የወጣለት ሰው ወዲያው ፈረስ ሲጋልብ ባየች ጊዜ፣ «እኛ ዘንድ እንኳን ፈረስ ሽንት ቤትም ብቻውን አይሄድም» ብላ አዳራሹን በሳቅ ገደለችው።

አንድ እሑድ ደግሞ እናቱን ፍለጋ አገር ያቋረጠ ልጅ ታሪክ ታየ። በመጨረሻ ደርሶ በሩን ሲከፍት እናቱ ሞታ አገኛት። እኔም ዕንባ ስላነቀኝ ዝም አልሁ። መብራቱ ሲበራ ባለቤቴ በምርኩዟ ተደግፋ ተነሣችና፣ «ያ ልጅና እናቱ ስንት ተንከራተው በመጨረሻ ተገናኝተው በመሳሳማቸው ደስ ብሎኛል፤ እግዜር ጎጇቸውን ያሙቅላቸው» አለች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ያን ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ፣ ያ ቀልደኛ፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ «አሜን፣ እማማ» አለ፤ ሕዝቡም ሁሉ «አሜን» አለ። በመንገድ ላይ እውነቱን ስነግራት መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላም እስኪያንገዳግዳት ሳቀች፤ «እሬሳ ላይ ቆሜ ጎጆ ሳሞቅ ዝም ብለህ አየኸኝ!» እያለች። የከንቱ ነገር ማደሪያ ባልሁት ቤት ውስጥ ለአንዲት ዓይነ ስውር ሴት ክብር የሚጠነቀቅ ጉባኤ እንዳለ የተማርሁት በዚያች ቀን ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ። እርስዎ ከተሾሙ ወዲህ ያደረጉልንን በተራ መዘርዘር ግዴታዬ ነው።

፩ኛ፦ በቅድሚያ አዳራሹን ከእኔ ሹክሹክታ ስላዳኑልን አመሰግናለሁ። ፈንዲሻ የሚቆረጥመው፣ በስልኩ ስለ ቤት ኪራይ የሚከራከረው፣ ከፊት ወንበር ላይ እግሩን የሰቀለው ሁሉ በሰላም እንዲያይ፣ አስተናጋጅዎ የእጅ ባትሪውን ፊቴ ላይ አብርቶ «አባባ፣ ወይ ዝም ይበሉ ወይ ይውጡ» አለኝ። ለሚስቴ እያየሁላት መሆኑን ስነግረው፣ መመሪያው ለማየት እንጂ ለማሳየት እንደማይፈቅድ በትሕትና አስረዳኝ። ባለቤቴም ክንዴን ይዛ «ተወው፣ እሰማዋለሁ» አለች። የቀረውን ፊልም በሙሉ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ስንወጣ፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ? እነዚህ ሰዎች ደግሞ መቼ ትንፋሽ ሊስቡ ነው?» ብላ አሳቀችኝ። አብረን ያየነው የመጨረሻው ፊልም ይህ ነበር።

፪ኛ፦ ጋሽ መብራትን ከዚያች ጠባብ ክፍል ስላሳረፉልን አመሰግናለሁ። ፊልሙን ዛሬ የሚያጫውተው ከቢሮ ሆኖ ቁልፍ የሚነካ ሰው ነው፤ እሱም «ምን አያችሁ?» ብሎ ማንንም አያስቸግርም።

፫ኛ፦ ግማሽ ሰዓቷን አንሥተው ለጽዳት ስለሰጡ አመሰግናለሁ። ንጽሕና የጽድቅ መጀመሪያ መሆኑን እኔም ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ሰው ራሱ የሚጠረግ መሆኑን ግን አልደረስሁበትም ነበር።

፬ኛ፦ በጉባኤው ፈንታ በመውጫው በር ላይ ስለተከሉልን ማሽን አመሰግናለሁ። የሚስቅ ፊት፣ የማይስቅ ፊትና ያዘነ ፊት ያለበት ነው። ባለቤቴ በዚያ በመጨረሻው ፊልም ቀን አስተያየት ነበራትና እጇን ወስጄ በመስተዋቱ ላይ አኖርሁላት። በጣቶቿ ዳሰሰችው፤ ልሙጥ ነበር፤ ከሦስቱ አንዱን ከሌላው መለየት አልቻለችም። «የምናገረው በየቱ በኩል ነው?» አለች። ከኋላችን ያለ ሰው «እማማ፣ ተጫኑና እለፉ፣ ሰልፍ አለ» አለ። እሷም ጉባኤው ለዚያች ቀን ብቻ የተቋረጠ መስሏት «በሚመጣው እሑድ እነግራቸዋለሁ» ብላ ተጽናናች።

፭ኛው ከምስጋና ይልቅ ታሪክ ነው፤ ይታገሡኝ።

ያ የመጨረሻው ፊልም ወንድሟን ለብዙ ዓመት ስለጠበቀች እኅት የሚናገር ነው። ወንድሟ ጥሏት ጠፍቶ ነበር። በመጨረሻ ከአውቶቡስ ሲወርድ አላቀፈችውም፤ አላለቀሰችም። የተበጠሰውን የሻንጣውን ማንገቻ አይታ «ይህን የሚሰፋልህ ሰው አጣህ?» አለችውና ሻንጣውን ተሸክማ ከፊቱ ሄደች። በዚሁ አለቀ። እኔ ቤት ስንገባ አለማቀፏን ነግሬያት «ልበ ደንዳና ሴት ናት፤ ይቅር አላለችውም» አልሁ። ባለቤቴ ግን ተቃወመችኝ። «አንተ ፊቷን ስታይ እኔ እግሯን እሰማ ነበር፤ መጀመሪያ እሷ ፈጠን፣ እሱ ጎተት እያሉ ለየብቻ ሄዱ፤ ኋላ ግን ኮቴያቸው አንድ ሆነ። ብታቅፈው ኖሮ እዚያው ትወድቅ ነበር፤ ይቅር ያለችው በአረማመዷ ነው» አለች። እኔም እስከ መጨረሻው ፊቷን እንዳልመለሰችለት በዓይኔ አይቻለሁና አልተቀበልሁም። ክርክራችን እስከ እራት ደረሰ፤ እራቱም ቀዘቀዘ።

በዚያው ሳምንት ታመመች። እሑድ ሲደርስ ከአልጋ መነሣት ስላልቻለች፣ «ሂድና በሰው ፊት ቆመህ ቃሌን ተናገርልኝ፤ ካልተስማሙም የሚሉትን ሳትሸራርፍ አምጣልኝ» ብላ አደራ ሰጠችኝ። ሄድሁ። መብራቱ በራ፤ መጥረጊያ ገባ፤ ሕዝቡ ወጣ። ነርሷን በር ላይ ባገኛት ኖሮ እንኳ እሷን እጠይቅ ነበር፤ ግን ለማን ብላ ትቆይ? ባዶዬን ተመለስሁ። «ምን አሉ?» አለችኝ። ምላሴ ሐሰት አልለመደምና «ምንም አላሉም» አልሁ።

ፊቷ ጠቆረ። «አስቀየምኋቸው እንዴ?» አለች። ጉባኤው እንደተሻረ ደጋግሜ ነገርኋት፤ «እንዴት ይሻራል? እኔን ለማጽናናት ብለህ ነው» አለች እንጂ አላመነችኝም። ባልዋሽም እንደ ዋሸሁ ተቈጠረብኝ።

በማግስቱ ቢሮዎ መጣሁ። የለመንሁት ለአንዲት እሑድ ብቻ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። ጸሐፊዎ በፈገግታ ተቀብላኝ፣ አስተያየቴን በስልኬ መተግበሪያ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ሰጥቼ መግለጽ እንደምችል ነገረችኝ። ከዋክብትን መስጠት የፈጣሪ ሥራ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር ታላቅ ክብር ተሰማኝ። እርስዎ ግን ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሌላም ቀን መጣሁ፤ ስብሰባው አላለቀም ነበር። ባለቤቴ ከስብሰባዎ ቀድማ አረፈች። እነዚያ ወዳጆቿ በዝምታ እንደ ነቀፏት አምና ነው የሄደችው።

ከቀብሯ በኋላ ያንኑ ፊልም ለማየት ብቻዬን ገባሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ኮቴያቸውን ልሰማ ነበር፤ ትክክል ከሆነች ልረታላት፣ ከተሳሳተችም እንደ ለመድነው ልከራከራት። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ባመጡት ቅልጥፍና መሠረት፣ እኅትየዋ ሻንጣውን ገና ስታነሣ መብራቱ በራ፤ የጽዳት ሠራተኞቹ ባልዲ ይዘው ገቡ፤ ሰው ሁሉ ተነሣ። የሰማሁት የባልዲ ድምፅና የእኛኑ ኮቴ ነው። በሚቀጥለው ቀን ፊልሙ ከመታየት ተነሣ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ልመናዬ ከእርስዎ አልፎ ይህን ደብዳቤ ወደሚያነብ ሁሉ ይሄዳል። ያንን ፊልም ያያችሁ፣ በመጨረሻው ሰዓት ያላሳላችሁ፣ ስልካችሁን ያልነካችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ የሁለቱ ኮቴ አንድ ሆኖ ነበርን? እኔ አሁንም አልተቀበልኋትም። በዓይኔ ያየሁት ሌላ ነው። ነገር ግን የሚቃወመኝ ሰው ከቤቴ ወጥቶአል፤ ብቻዬን ረትቼ መቀመጡ ደግሞ ከመረታት ይልቅ ከብዶኛል። ፀጉር አስተካካዩ ቢሆን፣ ነርሷ ብትሆን፣ የማላውቀው ሰውም ቢሆን፣ አንድ ሰው ተነሥቶ «አባባ፣ ተሳስተዋል፤ እማማ እውነት ብለዋል» ቢለኝ ምንኛ በወደድሁ።

ለመሥሪያ ቤትዎ ብልጽግናን፣ ለወንበሮችዎ ልስላሴን፣ ለስብሰባዎ ፍጻሜን እየተመኘሁ፣ ከብዙ አክብሮትና ከፍ ካለ ምስጋና ጋር እሰናበታለሁ፤

ከኋላው ረድፍ ጥግ ላይ ሲያንሾካሾኩ ከተገኙት ከሁለቱ፣ የቀረው።

ማስታወሻ፦ ትናንት በባለቤቴ ስልክ ከሲኒማ ቤትዎ፣ «ውድ ደንበኛችን፣ ከጠፉ ሰነበቱ፤ ናፍቀውናል» የሚል መልእክት ደረሰ። ከመሥሪያ ቤትዎ በሐዘኔ የደረሰልኝ እሱ ብቻ ነውና፣ መልእክቱን በራሱ የሚልከውን ማሽን በእኔ ስም እጅ ይንሡልኝ።