የእንቁራሪት ፅንስና የአራስ ቤትሽ ጨለማ

እማየ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለየሽን ስድስት ዓመት ሞላ። ይጁቤ ያለው ቤትሽ ቆርቆሮው ታድሷል፤ ታናሼ ገብቶበታል። እኔ ደብረ ማርቆስ የአንድ ቤተ ሙከራ ጽዳት ሠራተኛ ሆኛለሁ።

እዚያ አንዲት መምህርት የእንቁራሪት ፅንስ ታጠናለች። በፅንሱ አካል ሁሉ ያለው ትእዛዝ አንድ ነው አሉ፤ ጂን ይሉታል። ግን ጀርባ ላይ የሚሠራው ጂን ሆድ ላይ ዝም ይላል። የትኛው የት እንደሚሠራ ለማየት ፅንሶቹን የሚያበራ ቀለም ታጠጣቸዋለች። ቀለሙ ጂኑ በሚሠራበት ቦታ ብቻ ተጣብቆ ይቀርና የማይክሮስኮፑ ልዩ መብራት ሲያርፍበት ይፈካል።

ታዲያ እኔ ልጅሽ ጉድ ሠራሁ። ቅዳሜ ጧት ሳጸዳ ክፍሉ በጥቁር መጋረጃ ታፍኖ፣ ብልቃጦቹ በፎይል ተጠቅልለው አገኘሁ። እርጥብ ነገር ፀሐይ ካልመታው ይሸታል ብየ መጋረጃውን ገለጥሁ፣ ፎይሉን ፈትቼ እህል እንደማሰጣ መስኮቱ ላይ ደረደርኋቸው። ቀለሙን ፀሐይ በላው። የሳምንት ልፋት። መምህርቷ አልተቆጣችኝም፤ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሳች ደፋቻቸው፣ እሱ ባሰብኝ። የቀራት አንድ ብልቃጥ ፅንስ ብቻ ነበር። እሱ ከተበላሸ እስከ መጪው ክረምት እንቁላል የለም፤ የጥናቷ ጊዜ ደግሞ አይጠብቃትም።

ጨለማው ለምን እንደሆነ ስታስረዳኝ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ስንቷን አዋልደሽ፣ አራሷን ምች እንዳይመታት መጋረጃ የምትጋርጂ፣ ፀሐይ የማታሳዪ አንቺ አልነበርሽ? መጀመሪያውኑ እንዲህ ብለው ቢነግሩኝ ይገባኝ ነበር። መምህርቷ የቀራትን ብልቃጥ ቀለም አጠጥታ ጨለማው ክፍል ስታስቀምጠው ሦስት ቀን በሩን ጠበቅሁ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሊገቡ ሲሉ አራስ አለች ብየ መለስኋቸው። ደንግጠው የማን ሚስት ናት አሉኝ። ኋላ ሲገባቸው ሳቁ፤ ቢሆንም አላስገባኋቸውም።

በሦስተኛው ቀን መምህርቷ ጠርታ አሳየችኝ። የጎመንዘር ፍሬ የምታህል ፅንስ ጀርባዋ ላይ አረንጓዴ መስመር ያበራል፤ ወደ ራሷ በኩል ሰፋ ይላል። አንጎሏና ሕብለ ሰረሰሯ የሚሆነው እዚያ ነው አለችኝ። ቀለም ያልጠጣችው አጠገቧ ጨልማ ቀርታለች፤ ብርሃኑ የእውነት መሆኑ የሚታወቀው በሷ ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ። አንቺ ሆድ ላይ እጅሽን አሳርፈሽ ራሱንና እግሩን ትለዪ ነበር። አንቺ ዳሰሽ ያወቅሽውን እኔ በዓይኔ አየሁት።

መምህርቷ ጥናቷን ጨረሰች። አዲስ ተማሪ ሲመጣ የጨለማውን ክፍል ደንብ የምነግረው አሁን እኔ ነኝ። ከማን ተማርሽው ሲሉኝ ስምሽን እጠራለሁ። ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ፣ እማየ፣ ስምሽን ሳይሰማ በዚያ በር የሚገባ የለም።

ልጅሽ