የገመዱ ሥራ የእኔ አልነበረም

ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፤

የመርከቧን ገመድ የሠራሁት እኔ አይደለሁም። ሰላምታው ይቅደም ብዬ ብዕሬን ደጋግሜ አንሥቼ ነበር፤ ግን ሰላምታውን ባስቀደምኩ ቁጥር ይህችን ቃል ሳልጽፍ ወረቀቱ ያልቅብኛል። ስለዚህ ዛሬ ተገለባብጦ ይሁን። ፎቶዋን ሳሎንሽ ሰቅለሽ ለመጣ ለሄደው ሁሉ «የወንድሜ እጅ ነው» የምትይባት ባለ ሦስት ምሰሶዋ ትንሽ መርከብ፣ ያ እንደ ሸረሪት ድር የተወጠረው ገመዷ የባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የእሷ እጅ ነው። የእኔ ቀለሙ ብቻ ነው።

አሁን እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽ እንዴት ከረመ? ዓይንሽን ታየሽ ወይስ ዛሬም «ነገ እሄዳለሁ» እያልሽ ነው? የባለቤትሽ የጋሼ ሳል ለቀቀው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ ደክሞኛል እንጂ አልታመምኩም። ደረጃውን ስወጣ መሐል ላይ ቆሜ ግድግዳ እደገፋለሁ፤ ጎረቤት ካለፈ ቁልፍ የምፈልግ መስዬ ኪሴን እዳብሳለሁ። ድካም እንኳ ያስዋሻል፣ እታለም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሰዎች ያረጁባቸውን የመርከብ ሞዴሎች ያመጡልናል፤ አቧራውን እናጥባለን፣ በብርጭቆ ወረቀት እንፍቃለን፣ እንቀባለን፣ የተበጠሰውን ገመድ እንተካለን። ባለሱቁን ካፒቴን እንለዋለን። ጀልባ ላይ እንኳ ወጥቶ አያውቅም፤ ዝናብ ሲያካፋ ግን «ማዕበል መጣ፣ መስኮት ዝጉ!» እያለ ያዋክበናል።

ያቺ መርከብ ስትሠራ ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ እየመጣች አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። ክሩን በሰም ታሻለች፣ በወረንጦ ይዛ በምሰሶው ቀዳዳ ታሾልካለች፣ ትቋጥራለች። ካፒቴን ግን ፊት ለፊት ከደንበኞች ጋር ስለሚውል፣ መክሰስ ልታቀብለኝ የምትመጣ ነበር የሚመስለው። መርከቧ ያለቀች ቀን ዙሪያዋን ዞሮ አየና «ገመዱም ያንተ ነው?» አለኝ። በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ የአንገት ወለምታ ነበር፣ እሱም አልታሸም። ባለቤቴ ሰምታለች፤ ቀና ግን አላለችም። ወደ ቤት ስንሄድ «ቀለሙ ግን አምሮልሃል» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ካፒቴን «እጀ ወርቁ» ብሎ ይጠራኛል፤ ብርሃን የሚገባበትን የመስኮቱን ጠረጴዛም ሰጠኝ። በሰው ወርቅ አይደምቁ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ስሜ የተጠራ ይመስለኛል። እሷ ካረፈች በኋላ የመጡት መርከቦች አንድ ሁለት ገመድ ብቻ የሚሹ ስለነበሩ እየሸፋፈንኩ አለፍኩ።

በዚህ ሰሞን ያቺው መርከብ ተመልሳ መጣች። ያሠሯት ጡረታ የወጡ መርከበኞች ናቸው፤ በመሰብሰቢያ ቤታቸው መስኮት ሥር አቁመዋት ፀሐይ ቀለሟን በልቶት፣ ገመዷ ተበጣጥሷል። እኔ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ለመቀባት እንዲመቸኝ ገመዱን በሙሉ በመቀስ ቆራርጬ ጣልኩና ምሰሶዎቹን ሁለት እጅ ቀባኋቸው። ቀለሙ ሲደርቅ ገመድ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ተደፍነዋል፤ የትኛው ከየት ወዴት ይሄድ እንደነበር የሚያሳይ ምልክት አንድም አልቀረም።

ሸራ የምትሰፋልን ሴት ገብታ አየችው። ለባለቤቴ እንደ ታናሽ እህት ነበረች፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው የገመዱን ሥራ ከእሷ ተምራለች። «ውይ ጋሼ፣ የተነጨች ዶሮ አስመሰሏት እኮ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሷ አዲሱን ሳታስር አሮጌውን አትፈታም ነበር» አለችኝ። ለካ ውሸቴን ስታውቅ ኖራለች! ለምን ዝም እንዳለች ብጠይቃት፣ ባለቤቴ «የቤቴ ገበና ነው፣ አደራ» ብላት እንደነበር ነገረችኝ።

በማግሥቱ ደግሞ ካፒቴን ለብቻዬ ጠራኝና፣ ሸራው ከእንግዲህ ተሰፍቶ ከሌላ ቦታ ስለሚመጣለት ሴትዮዋን በወሩ መጨረሻ ሊያሰናብታት እንደሆነ አጫወተኝ። «ለገመዱ እንደሆነ አንተ አለህልኝ» አለ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። እኔም ዝም። የእሷ እንጀራ በእኔ ዝምታ ሊቆረጥ ነው።

ጠዋት ስጸልይ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃሉ ከጣሪያው አያልፍም። በደሌን ይቅር በል እላለሁ፤ በደሌን ስቆጥር ግን አንዱን እዘላለሁ። «እጀ ወርቁ» ሲሉኝ እውነቱን የማልናገረው እሷ ያለች እየመሰለኝ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። መርምሬ ሳየው ሰበብ ነው። ጠረጴዛውን ወድጄው ነው። ሚስቱን የቀበረ ሽማግሌ፣ በዚህ ዕድሜው ጠረጴዛ ይወዳል!

ለጋሼ ጉልበቱን ስሜያለሁ በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን እንኳን በሰላም ተገላገልሽ በያት፤ ሕፃኑን አንገቱ ሥር ሳሚልኝ። ያ አኩራፊው ልጅሽ አሁንም ካኮረፈ፣ እኔም አኩርፌያለሁ፣ ማን ቀድሞ እንደሚስቅ እናያለን በይው። አክስታችን «ገና አልሞትኩም» ማለቷን ካልተወች፣ ወንድሜም ገና አልሞተም በያት።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሥራ ቤቱ፣ ከመስኮቱ ጠረጴዛ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት መግቢያ ላይ

እታለም፣ ደብዳቤውን ሳላሽገው ኪሴ ውስጥ ሰነበተ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ጠዋት ከባለመርከቦቹ ሽማግሌ መርከበኞች ሁለቱ መርከባቸው ምን እንደደረሰች ሊያዩ መጡ። አንደኛው ራቁቷን የቆመችውን አየና «ምነው፣ አውሎ ነፋስ አገኛት?» አለ። ካፒቴን «እጀ ወርቁ እያለ ምን ያሳስባችኋል!» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ሸራ ሰፊዋ መርፌዋን እንደያዘች ነበረች።

ከወንበሬ ተነሣሁ። «የዚህችን መርከብ ገመድ የሠራችው ባለቤቴ ናት። እኔ አንዲት ቋጠሮ አልቋጠርኩባትም። ሥራውን ያስተማረችው ይህችን ሴት ነው፤ እሷን ካሰናበትክ መርከቧ እንዲሁ ትቀራለች» አልኩት።

ካፒቴን «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ማንን ነው እጀ ወርቁ ስል የኖርኩት?» አለኝ።

«የሞተችውን» አልኩ።

ካፒቴን ወደ ሸራ ሰፊዋ ዞሮ፣ ፊቱን እንዳጨማደደ፣ «ነይ እስቲ፣ አንቺ ያዣት» አላት። እሷ እኔን አየችኝ። የቀለም ቆርቆሮዎቼን እየለቀምኩ፣ ብርሃን ወደማይደርስበት ወደ ኋላው ጠረጴዛ ወሰድኳቸው። ተመልሼ ወረንጦውን በእጇ አስያዝኳት፤ ወንበሩንም ለቀቅሁላት።